በክር የተለካ ሻፍት

የትናየት ጋሸና መገንጠያ ላይ የላሊበላን መኪና ስትጠብቅ፣ ሰሞኑን ስልኳን አላነሳ ያሏትን ሰው ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አቶ ከፋለ ናቸው፤ የኮን ከተማ ባለ ወፍጮ፣ የወለተ ሐና አባት። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የመጣላቸውን ጆንያ ገና አልፈቱትም፤ እግራቸው ሥር አስቀምጠውታል።

የትናየት ላሊበላ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ የማሽን አስተማሪ ናት። ወለተ ሐናም ተማሪዋ ነበረች። በኮምፒውተር የሚታዘዙትን የብረት መቁረጫ ማሽኖች፣ ቶርኖና ፍሬዛን፣ ፕሮግራም ማድረግ እንድትማር ከክፍሉ ተመርጣ ሳለች፣ ለእረፍት ወደ ቤቷ እንደሄደች ቀረች። ትምህርቱ ነገ ይጀመራል፤ ነገ ካልተገኘች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ የትናየት ሰላምታዋን እንዳደረሰች፣ ሳትቀመጥ ነገሩን አነሳችው።

«ጋሼ፣ ልጅዎን የት አደረሷት?»

«ቤቷ ናት፤ የት ትሁን?» አሉ አቶ ከፋለ። «ይልቅ ተቀመጪ፣ ምሳ ብዪ። ያንን ነገር ግን አታንሽብኝ። እኔ ልጄን የላክኋት እንድትማር እንጂ ብረት እንድትቀጠቅጥ አይደለም። ዘር ማንዘሬ አራሽና ቀዳሽ ነው። ደጃፋችን ላይ ከብረት ጋር ስትታገል ጎረቤት አይቷት፣ አገሩ ሁሉ ‹የከፋለ ልጅ ቀጥቃጭ ሆነች› አለ። ነገ ማን ያገባታል? ከቤቴስ ማን እህል ይቀምሳል?»

የየትናየት ደም ፈላ። ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ጎበዝ ጎበዝ ተማሪዎቿን የሚነጥቃት ስንፍና ሳይሆን ይህ ‹ቀጥቃጭ› የሚሉት አንድ ቃል ነው። ማረሻ የሚሠራላቸውን ሰው ከማዕድ አርቀው፣ ማረሻው ያበቀለውን እህል ግን ጠግበው የሚያድሩ ሰዎች ነገር ያንገበግባታል። ደግሞም ያንገብግባት እንጂ፤ ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ በደል አይደለም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ነውሩ ይሄ ነው» አለች። «ማረሻዎ ብረት፣ ማጭድዎ ብረት፣ ወፍጮዎ ብረት። እርስዎ ሲይዙት ክቡር፣ የሠራው ሰው ሲይዘው ርኩስ የሚሆነው እንዴት ቢሆን ነው?»

«አባቶቻችን ያቆዩን ነዋ!»

«ላሊበላን ከድንጋይ የፈለፈሉትስ አባቶቻችን አይደሉም?»

«እሱን እንኳ መላእክት ናቸው የሠሩት።»

«መላእክት የረዱት ሌሊት ሌሊት ነው ሲባል ነው የሰማሁት። ቀን ቀን የጠረቡት ሰዎችስ በጥፍራቸው ነበር? መሮውን ማን ሠራላቸው? ያ ሰው ዛሬ ቢመጣ ከማዕድዎ ያስቀምጡታል?»

አቶ ከፋለ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ለመሆኑ ትምህርቱ የኮምፒውተር ነው ካላችሁ፣ ከብረት ጋር ምን አገናኘው?»

«ማሽኑ በራሱ ምንም አያውቅም፣ ጋሼ። መቁረጫው ከየት እንደሚነሳ፣ ምን ያህል እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚመለስ በቁጥር ጽፋ የምታዘው እሷ ናት። መጀመሪያ ያለ ብረት፣ ባዶውን ታስሄደዋለች። አንዲት ቁጥር ከሳተች መቁረጫው ተላትሞ ይሰበራል። ለምርጫው ስናለማምዳቸው ወለተ ሐና መጀመሪያ የሞከረች ዕለት ሰብራ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ ግን ደጋግማ ሳታይ ቁልፉን አትነካም።»

ሽማግሌው ወሬ ለማስቀየር ይመስላል፣ ጆንያውን መፍታት ጀመሩ። «ይልቅ ይችን እይልኝ፤ የወፍጮዬ ሻፍት፣ ድንጋዩን የምታዞረው ዘንግ ናት። የድሮው ከተሰበረ ወዲህ የኮን ሴቶች እህል ተሸክመው ሩቅ አገር እየተንከራተቱ እኔን ይረግሙኛል።»

የሚያብለጨልጭ አዲስ ብረት ወጣ። ለመሞከሪያ ይዘውት የመጡትን ኩሽኔታ፣ ሻፍቱ የሚሽከረከርበትን የብረት ቀለበት፣ ከኪሳቸው አውጥተው አጠለቁበት። ሻፍቱ ልቅ ሆኖ ተንገጫገጨ። አቶ ከፋለ ፊታቸው ጠቆረ።

«ለአዲስ አበባዎቹ ልኩን በምን ላኩላቸው?» አለች የትናየት።

«በክር። የድሮውን ዙሪያውን ለክቼ፣ ቋጥሬ ላክሁ።»

«በክር! ሲወጠር የሚረዝም፣ ሲለቁት የሚያጥር ክር! መለኪያ ሰጥቻት አልነበረም እንዴ? ወለተ ሐና ለምን አልለካችውም?»

አንገታቸውን ደፉ። «ልትለካው ይዛው ወጥታ ነበር። ጎረቤት ያያት ያን ዕለት ነው። መለኪያውን ከእጇ ነጥቄ ደበቅሁት።»

የትናየት ንዴቷን ልትደብቅ አልፈለገችም። «እንግዲያው ወፍጮውን ያቆሙት እርስዎ ነዎት! ይህን ሙያ የእኛ ልጆች ቢይዙት የወፍጮው ሻፍት፣ የውኃ ፓምፑ ዕቃ፣ የመውቂያው ጥርስ እዚሁ ላስታ ተለክቶ እዚሁ ይሠራል። ልጅዎ በሙያዋ ራሷን ትችላለች፤ የኮን ሴቶች ጀርባቸው ያርፋል። እርስዎ ግን የጎረቤት አፍ ፈርተው ይህን ሁሉ ከመለኪያው ጋር ደበቁት!»

በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩ። አቶ ከፋለ ሻፍቱን ከኩሽኔታው አወጡት፤ መልሰው አስገቡት። አሁንም ተንገጫገጨ።

«‹አባዬ፣ በክር አይሆንም› ብላኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የልጄን ቃል ትቼ የጎረቤት ሐሜት ሰማሁ። እኔ ነኝ የበደልኳት።» ስልካቸውን አወጡ።

«ወለተ ሐና! ሻፍቱ አልሆነም። መለኪያሽ ከጎታው ኋላ ነው፤ በጆንያ ጠቅልዬዋለሁ። አውጪና የድሮውን ሻፍት ለኪው። ጓዳ አይደለም፣ ደጅ! ከዚያ ልብስሽን አሰናጂ፤ ነገ በጠዋት እኔው ራሴ ላሊበላ አደርስሻለሁ።»

የልጅቱ ድምፅ ከስልኩ በቀጭኑ ተሰማ፤ «ጎረቤትስ፣ አባዬ?»

አቶ ከፋለ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቁጣው አሁን የእሳቸው ሆነ።

«ከከፋለ ቤት እህል አልቀምስም የሚል ካለ፣ እህሉን በእጁ ይፍጭ!»