ጠበል የተረጨበት ጉድጓድ

በስደት አገር፣ ሪከንባከር ወደሚባለው የሥራ ቦታችን መጋዘን በሚወስደን ቫን ውስጥ ሾፌሩ ከፊት ከተቀመጡት ሴትዮ ጋር ያወራል።

«እትዬ፣ ቻይና ውስጥ ቤት የሚሠራ ትልቅ ኩባንያ ዕዳ ውጦት ፎቆቹን ጅምር ትቷቸዋል አሉ። ሰዉ ግን ከፍሏል።»

«ያልተሠራ ቤት የሚገዛ ምን ዓይነት ሞኝ ነው?»

«እርስዎስ አዲስ አበባ የገዙት አፓርትማ?»

«የኔማ ጉድጓዱ ተቆፍሯል! ቄሱ ጠበል ሲረጩበት በቪዲዮ አይቻለሁ።»

«ስንተኛ ፎቅ ነው የገዙት?»

«ዘጠነኛ።»

«ታዲያ ጠበሉ የደረሰው ለምድር ቤቱ ሰው ነዋ!»

«አፍህን ዝጋና ንዳ።»

«ለመሆኑ ማን ነው የሚሠራው?»

«ቻይናዎች።»

ሾፌሩ በሳቅ ፈነዳ።

«አትሳቅ! የዚህ ሁሉ ዓመት ኦቨርታይሜ እኮ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። በብሬክ ሰዓቴ ቄሱን ኮል አደርጋቸውና ለቻይናዎቹም ይጸልያሉ።»

እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ማስኬን ሳብ አድርጌ በልቤ አሜን አልኩ።