ባዶ የማያድር ጉድጓድ

አባቴ በሞተ ማግስት መሬታችንም ደክሞ ነበር፤ የማዳበሪያ መግዣ ገንዘብ ደግሞ አልነበረንም። የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ "ኮምፖስት አዘጋጅ" ስትለኝ ጓሮ ወርጄ ጉድጓድ ቆፈርኩ። የምሞላበት ነገር ግን አጣሁ። በመካነ ሰላም ገጠር እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል እንጂ ለሰው አይሰጥም።

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ መጥተው ሲያዩ ጉድጓዱ ልክ የሰው ቁመት ነው። እናቴ ደግሞ ታማ ተኝታለች።

"ምነው ልጄ! እናትህ ሳትሞት?"

"ለኮምፖስት ነው፣ እትዬ። እበት አጥቼ ነው ባዶ የቀረው።"

"ባዶማ አያድርም! ባዶ ያደረ ጉድጓድ ሰው ይበላል!"

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አንድ ቅርጫት እበት ይዘው ተመለሱ፤ መንደሩንም ጠሩ። አንዱ አመድ፣ አንዱ ገለባ፣ ሌላው ቅጠል ተሸክሞ መጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞላ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና "የምን ግርግር ነው?" አለች።

"ከሞት እያዳኑሽ ነው" አልኳት።

በዓመቱ ገብሳችን ከመንደሩ ሁሉ በለጠ። እናቴም ድና አብራኝ ሰበሰበች። እትዬ ሙሉ ማሳው ዳር ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ "ነገ ለእኔም ትቆፍርልኛለህ" አሉኝ።

"ጓሮ ነው?"

"የምን ጓሮ! ደጃፌ ላይ ነው እንጂ። ባዶነቱን አላፊ አግዳሚው ይየው።"