ፍየል የማይነካው አበባ

ድሬ ላይ አበባ መትከል ከሰፈሩ ፍየል ጋር መጣላት ነው። የተከልኩት ሁሉ ሲበላብኝ አንድ ወዳጄ የቁጥቋጦ ፍሬ ሰጠኝ። «ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ቅጠሉም አይረግፍም። መራራ መርዝ ስለሆነ ፍየል አጠገቡ ዝር አይልም» አለኝ። ፍሬውን ዘፍዝፌ፣ በቲማቲም ቆርቆሮ ችግኝ አፍልቼ ደጄ ላይ ተከልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ እውነትም የነካው የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከረከምኩት። የቆረጥኩትንም ከጫት የተረፈውን ገራባ ሁልጊዜ በምደፋበት ቦታ፣ ከገራባው ጋር ደፋሁት። ከሰዓት ስወጣ የጎረቤቴ የአዴ ፋጡማ ፍየል እዚያው ተዘርራለች። ከግልገልነቷ ጀምሮ ገራባዬን የምትበላው እሷ ነበረች።

አዴ ፋጡማ መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ። እኔ እየተንተባተብኩ፣ «ፍየል አይነካውም ስለተባልኩ እኮ ነው» አልኳቸው። ቅጠሉን ከአፏ አውጥተው አገላብጠው አዩት።

«ሜዳ ላይ ብታገኘው አትነካውም ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «ካንተ ደጅ ግን አሽትታ መብላት አልለመደችም።»