አማና የጫነ አይሱዙ

ሐጂ ቀመር ስንዴያቸውን ሮቤ ገበያ ሸጠው ወደ ቀያቸው ሊመለሱ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ገብተው እንደተቀመጡ፣ ሾፌሩ ወዚር አንዲት ወጣት ሴት አስከትሎ መጣ። ከኋላዋ ካርቶንና ቆርቆሮ የጫኑ የፈረስ ጋሪዎች ቆመዋል።

«ሐጂ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉላት። እሷም ወደ እናንተው አገር ናት» አላቸው።

ሐጂ ቀመር ከአጋርፋ ማዶ፣ ወደ ወይብ ወንዝ ገደል በምታዘቀዝቀው በቡርቃ ሐሮ መንደር የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ መንገደኛ ንብረቱን አምኖ የሚያስቀምጥባቸው፣ እሺ ያሉት የሚሆን፣ ዝም ያሉት የሚቀር ሰው። ወጣቷ ደግሞ ፈትያ ትባላለች። አባቷ ከስልጤ መጥተው ሮቤ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ሲሆኑ፣ እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ በአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆናለች።

«አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ፣ ሐጂ?» አለች ስትገባ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጧት። «ይህ ሁሉ ዕቃ የማንን ሱቅ ሊሞላ ነው?»

«የሱቅ አይደለም። ለቡርቃ ሐሮ ትምህርት ቤት ነው። ኖርዌይ የሚባል አገር ያሉ ሰዎች ካዋጡት ልገሳ የተገኘ ነው። እኛ ሮቤ ያለን ወጣቶች በፈቃዳችን ተሰባስበን ራቅ ወዳሉ ትምህርት ቤቶች እናደርሳለን።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆር አለ። ዕቃው ተጭኖ፣ መኪናው ከከተማ ወጥቶ የሲናናን የስንዴ ማሳ ማቋረጥ ጀመረ።

«ደመወዝ ይከፍሉሻል?» አሏት ሽማግሌው።

«አይከፍሉኝም።»

«ያለ ጥቅም የሚሮጥ ሰው አላየሁም፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም፣ ሐጂ። እውነቱን ልንገርዎት። አንድ ቀን የእናንተ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ታመው ክሊኒካችን መጡ። ውጤት እስኪደርስ ስንጨዋወት፣ አንድ መጽሐፍ መሐል ተቀምጦ ልጆች ዙሪያውን ከብበው እንደሚያነቡ፣ ከወዲያ በኩል የሚቀመጡት ፊደሉን በግልባጩ ማንበብ እንደለመዱ ነገሩኝ። ሄጄ አየሁ። ካየሁ በኋላ እንዳላየ ሰው መሆን አቃተኝ።»

«ፈረንጆቹስ? እነሱ ምን አዩ?»

«ቶሪል የምትባል ሴት በወጣትነቷ ቀይ ቀበሮ ልታጠና ባሌ ተራራ መጥታ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥታ፣ በመንደሯ ያሉ ጎረቤቶቿን እያስተባበረች ትሰበስባለች። ባለጸጎች አይደሉም። ኬክ ጋግረው፣ ያረጀ ልብስ ሸጠው ነው የሚልኩት።»

ሐጂ ቀመር ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ሁሉ ለጆሯቸው እንግዳ አልነበረም፤ ልባቸውን የዘጋው ግን አሮጌ ነገር ነበር።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ከዓመታት በፊት እንደ አንቺ ንግግር የሚያውቁ ሰዎች መጡ። ድንጋይ አቅርቡ አሉን፣ አቀረብን። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የእጅ ፓምፕ ተተከለ፤ በግ አረድን፣ ፎቶ ተነሡ። ሁለተኛ ክረምት ሳይደፍን እጀታው ተሰበረ። የሚጠግን ብንፈልግ የለም፣ የሚጠየቅ ብንፈልግ የለም። ታፔላቸው ግን እስካሁን ቀለሙ አልለቀቀም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያልኩት ያኔ ነው።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብዎት፣ ሐጂ።»

«ልክ ነሽ። እባቡ ግን እውነተኛ እባብ ነበር።»

ወዚር መሪውን እንደያዘ ሳቀ፤ ፈትያም ሳቀች። ሽማግሌው ግን ቀጠሉ። «ደግሞም ነቢያችን፣ ሰላም በእሳቸው ላይ ይሁንና፣ የላይኛው እጅ ከታችኛው እጅ ይበልጣል ብለዋል። ልጆቻችን ከሕፃንነታቸው እጅ መዘርጋት ከለመዱ፣ ትምህርት ቤቱ ምን አስተማራቸው ይባላል?»

ነገሩ የፈትያም ፍርሃት ነበር።

«እኔም ይህንኑ እፈራለሁ» አለች። «ነገር ግን ልጁ ሳይማር ካደገ፣ ነገ እጁን የሚዘረጋው ለእለት ጉርሱ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይህ ዕቃ የእኔ አይደለም። ሰዎቹም ከሰጡት በኋላ የእነሱ አይደለም። የልጆቹ አማና፣ አደራ ነው። አማና የተቀበለ ሰው እጁ የላይ ነው ወይስ የታች?»

ሐጂ ቀመር በዚህ ጉዳይ መሃይም አይደሉም። የስንቱ ሰው አደራ በእጃቸው አልፏል።

«አማና የያዘ ሰው መካከል ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በሰጪውም በባለቤቱም ይጠየቃል።»

«እንግዲያው እኛን የሚጠይቀን ሰው ነው የጎደለን። ፓምፑን የተከሉትን ሰዎች የሚጠይቃቸው ቢኖር ኖሮ እንዲያ ባልሆነ። እርስዎ ይጠይቁን።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አጋርፋን አልፈው ጥርጊያው መንገድ ሲያልቅ አይሱዙው ቆመ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱን የሚወርደው የጋማ ከብት ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለሊሳና ጥቂት ወላጆች ሲጠብቁ ነበር። ደመናው ከብዷል፤ ሰዎቹ ግን ካርቶኑን ከማንሣታቸው በፊት ሐጂን አዩ። ያች ቅጽበት ለፈትያ ረጅም ነበረች። እሳቸው ፊታቸውን ቢያዞሩ ዕቃው እዚያው መንገድ ዳር እንደሚቀር ገብቷታል።

«አማና ነው ተብሏል» አሉ ሐጂ። «አማና ዝናብ አይመታውም። ፈረሶቻችሁን አምጡና ይውረድ። ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ታች ደርሰን እናየዋለን።»

ትምህርት ቤቱ ደርሰው ካርቶኖቹ ተከፈቱ። በኦሮምኛ የታተሙ የንባብ መጻሕፍት ወጡ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ወጣ። ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ከመጨረሻው ካርቶን ግን ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ወጡ። ሐጂ ቀመር አንዱን ገለጡት፤ በበረዶ የተሸፈነ ቤትና አልጋ ላይ የተኛ ውሻ አዩ።

«ለሊሳ፣ ይህን የሚያነብ ልጅ አለህ?»

«የለኝም፣ ሐጂ። እዚህ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው የምናስተምረው።»

ሽማግሌው ወደ ፈትያ ዞሩ። «ይጠይቁን ብለሽኛል። ይህኛው ስህተት ነው ብል፣ ቃሌን ሳትቀንሺ ለላኩት ታደርሻለሽ?»

«አደርሳለሁ። ከፈለጉ ግን እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።»

ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ወጡ። ፈትያ ደወለች፤ ቶሪል ነጭ ፀጉሯን አስራ በስልኩ መስታወት ላይ ብቅ አለች። ሐጂ መጀመሪያ እንደ ደንቡ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤተሰቧና ስለ አገሯ ሰላም ጠየቁ። ቀጥለው «ስለ ልግስናችሁ አላህ ይክፈላችሁ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ግን ለእኛ ልጆች አይሆንም። እንግዳ የጠራ ሰው ምን ትበላለህ ብሎ ይጠይቃል፤ እናንተም ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን» አሉ። ፈትያ አንድም ቃል ሳታለሳልስ ተረጎመችው።

ሴትየዋም፣ «ከሁሉም አመሰግናለሁ ብቻ ነው የምንሰማው። እንዲህ ብሎ የነገረን የለም። እስቲ ይንገሩኝ፤ ምን ይጠቅማችኋል?» አለች።

ሐጂ ቀመር ቁልቁል ሲያዩ በጀሪካን ውሃ ተሸክመው ከወንዙ ሽቅብ የሚወጡ ልጃገረዶች ታዩዋቸው። የትምህርት ሰዓት ነው። ከመካከላቸው አንዷ የልጅ ልጃቸው ዙህራ ነበረች። በየቀኑ ያዩት የነበረ ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ግን እንደ አዲስ አዩት።

«ሴቶቹ ልጆች የሚቀሩት ትምህርት ጠልተው አይደለም» አሉ። «ከወንዝ እስኪመለሱ ትምህርቱ አምልጧቸው ነው። አዲስ ፓምፕ አንለምንም። የተሰበረ አለን። ለእሱ መለዋወጫ፣ ከመለዋወጫው ጋር ደግሞ ልጆቻችንን ጥገና የሚያስተምር ባለሙያ ብታገኙልን፣ ድንጋዩም ጉልበቱም ጥበቃውም የእኛ ነው።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው የለማኝ ድምፅ አልነበረም፤ ፈትያም ይህን ልብ አለች።

ወሬ ማስረዘም እንዳይሆን፣ በጋው ሳይወጣ ከጎባ ባለሙያ መጣ። ፓምፑን ፈታትቶ ሲገጥም አብረውት የሠሩት ኢፍቱ የምትባል የመንደሩ ልጅና ወንድሟ ሻፊ ነበሩ፤ እጀታው ዳግመኛ ሲላላ ማንንም ሳይጠሩ አጠበቁት። ወላጆች ድንጋይ ጠርበው ግድግዳ አነሡ፤ በቆርቆሮውም አዲስ ክፍል ለበሰ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ወደ አጋርፋ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተላከና አንባቢ አገኘ። በየመኸሩ እያንዳንዱ ቤት ለፓምፑ እድሳት ከገብሱ ቀንሶ ይሰጣል። ከወንዝ ውሃ የሚመጣው የሕፃናት ተቅማጥ እንደቀነሰ እናቶች ይናገራሉ፤ ዙህራም ጧት ጧት ክፍሏ ውስጥ ትገኛለች። ልገሳ ጠያቂ ሲያጣ ታፔላ ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤት ሲያገኝ ግን ውሃም፣ ንባብም፣ ጤናም ይሆናል።

ሐጂ ቀመርም በጎ ፈቃደኛ ሆኑ። ወጣቶቹ ዕቃ በሚያደርሱበት ቀን እሳቸውም ጋቢና ይቀመጣሉ። በቅርቡ ከዲንሾ በላይ ወዳለ አንድ መንደር ሲደርሱ፣ በትር የተመረኮዙ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆመው፣ «የፈረንጅ ዕቃ አንፈልግም» አሉ።

«ተቀበል አልልህም» አሏቸው ሐጂ፣ ከመኪናው ወርደው እጃቸውን እየዘረጉ። «ጠይቅ ነው የምልህ። ከማን መጣ በል፣ ለማን ነው በል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል በል። መልስ ካጣሁ ዕቃውን ይዤ እመለሳለሁ።»

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ይጠይቁ ጀመር። ብዙ ጠየቁ፤ ሐጂም አጠገባቸው ተቀምጠው አንድ በአንድ መለሱ። ፈትያ በዚያ ቀን አፏን የምትከፍትበት ተራ አላገኘችም፤ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ፀሐይዋን እየሞቀች ስታዳምጥ ዋለች።