የግራ ቅልጥም

በአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ፣ ረፋድ ላይ፤ ሲስተር የሽመቤት በተቅማጥ ውኃው አልቆ ራሱን የሳተውን የሦስት ዓመቱን ይርሳውን ለማትረፍ ትጣደፋለች፤ አያቱ ወጌሻው አያ ሽባባው ግን የልጁን ግራ እግር በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅም ብለዋል።

የሽመቤት፦ አያ ሽባባው፣ እጅዎን ያንሱልኝ።

ሽባባው፦ አላነሳም። አጥንቱን ልብሳው ነው ያልሽኝ?

የሽመቤት፦ አዎ፣ አጥንቱን። ሁለቱንም ክንዱን ሞከርኩ፣ አንገቱን ሞከርኩ፣ ራሱን ሳይቀር ሞከርኩ። ደም ስሩ ተጣብቆ ጠፋ። አጠገቤ ቆመው አይተዋል እኮ።

ሽባባው፦ አይቻለሁ። ወንፊት አደረግሽው።

የሽመቤት፦ ይሁንልኝ። አሁን የቀረኝ አጥንቱ ብቻ ነው።

ሽባባው፦ በአፉ አጠጪው።

የሽመቤት፦ ራሱን የሳተ ልጅ እንዴት ይውጣል? ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል።

ሽባባው፦ አምቡላንሱስ?

የሽመቤት፦ ወንዙ ሞልቶ ማዶ ቆሟል። እስኪጎድል ይርሳው አይጠብቀንም። እግሩን አያዩትም? እስከ ጉልበቱ በረዶ ሆኗል።

ሽባባው፦ አርባ ዓመት ሙሉ አጥንት ስጠግን ኖሬ፣ የልጅ ልጄን ስትበሺው ቆሜ ልይ?

የሽመቤት፦ አጥንት ካወቁማ እርስዎ ይንገሩኝ። ጭኑ ተሰብሮ፣ ቆዳው ሳይቀደድ፣ ደሙ አልቆ የሞተ ሰው አላዩም?

ሽባባው፦ ሁለት አይቻለሁ።

የሽመቤት፦ አጥንት ውስጥም ደም ስላለ ነው። ደም ስሩ ሁሉ ሲጣበቅ የመቅኔው መንገድ አይዘጋም። ግሉኮሱን በዚያ ከሰደድኩት ወዲያው ልቡ ይደርሳል። መርፌውንም ደም ስሩ እንደተመለሰ አወጣዋለሁ።

ሽባባው፦ ቀዳዳውስ?

የሽመቤት፦ ይደፈናል። የልጅ አጥንት እንዴት እንደሚገጥም ለእርስዎ እኔ ልንገር?

ሽባባው፦ እሺ። ቀኙን ውጊው።

የሽመቤት፦ ቀኙ ወደ ግድግዳው ነው። ግራው አጠገቤ እያለ ምን አዞረኝ?

ሽባባው፦ አልጋውን እስብልሻለሁ።

የሽመቤት፦ ጊዜ የለኝም። ግራው ምን ሆነ?

ሽባባው፦ ምንም አልሆነ።

የሽመቤት፦ እንግዲያው ይልቀቁት። ልወጋው ነው።

ሽባባው፦ ቆይ። ቆይ አልኩሽ። ተሰብሯል።

የሽመቤት፦ ምኑ?

ሽባባው፦ ቅልጥሙ ነዋ። ጥጃ ረግጦት ዛሬ አሥረኛ ቀኑ። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያሰርኩበትን ስንጥር እንዳታዪብኝ በሩ ላይ ፈትቼ ጥሻ ውስጥ ጣልኩት።

የሽመቤት፦ ፈርመው አልነበር? ሁለተኛ ሰው አልነካም ብለው፣ እኔው ፊት?

ሽባባው፦ ከስሰሽ ያስፈረምሽኝ አንቺ ነሽ። እናቱም እንደሱ ታማ እዚሁ ሌላ ክፍል ተኝታለች። እኔን ካሳሰርሽኝ ሁለቱን ማን ያስታምማቸዋል ብዬ ነው።

የሽመቤት፦ ወግቼው ቢሆን ግሉኮሱ በስብራቱ ወጥቶ ሥጋው ውስጥ ይቀር ነበር። ልቡ አንዲት ጠብታ አይደርሰውም። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ይሉኛል?

ሽባባው፦ ፈራሁ። ይኸው አሁን ነገርኩሽ። በኋላ የፈለግሽበት ውሰጂኝ፤ መጀመሪያ እሱን።

የሽመቤት፦ አልጋውን ይሳቡት። ቀኝ ጉልበቱ ስር ጨርቅ ጠቅልለው ያድርጉለት።

ሽባባው፦ አደረግኩ። እጅሽ ይዳብሳል እንጂ አይወጋም።

የሽመቤት፦ ያውቃል እጄ።

ሽባባው፦ ምኑን?

የሽመቤት፦ ሥልጠና ላይ በበግ ቅልጥም ነው የተለማመድኩት። ሰው ላይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሽባባው፦ ይህንንማ ቀድመሽ ብትነግሪኝ በሩንም አላልፍ።

የሽመቤት፦ እኔም ፈራሁ። ከጉልበቱ ስር ካለችው ጉብታ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ፣ ወደ ውስጥ በኩል ያለው ለጥ ያለው ቦታ ነው። እንዲህ ከስቶ እንኳ ጣቴ አልለየልኝም።

ሽባባው፦ እኔ አውቀዋለሁ።

የሽመቤት፦ አያ ሽባባው፣ እባክዎን ይንኩልኝ።

ሽባባው፦ ይኸው፣ አውራ ጣቴ ያለበት ነው። አሁን ቀጥ አድርገሽ ግፊው፤ ብትሰብሪውም እኔ አለሁ።