የቤታችን ሊቅ እና የሞላችው ትንሿ ዲስክ

ግቢ፣ ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ፤ ወለሉ ክር በክር ነው፣ ስፒልም አይጠፋውም። እዚህ መስተዋቱ ፊት ቁሚልኝ። እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ትልቁ ፈተናውን ጨረሰ? እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ክንድሽን ከፍ... እንደሱ። ከስተሻል ልበል ወይስ ባለፈው እኔ ነኝ አስፍቼ የለካሁሽ? ወገቡን በሁለት ጣት አጠበዋለሁ። በሩን? ተዪው፣ ክፍት ይሁን፣ ሙቀት ነው። ደግሞ ማን ይሰማናል ብለሽ ነው? ወዲያኛው ክፍል አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል እንጂ ማንም የለም። እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ሲሆን ጆሮው አይሰማም። ተፈጥሮው ነው።

አባዬ? ተመስገን፣ ደህና ነው። ጓሮ ፀሐይ እየሞቀ ነው። የጉሮሮው ቀዶ ጥገና ቁስል ደርቋል፣ መዋጥም ጀምሯል። ድምፁ ግን እንዳሉን አብሮ ሄደ። ሐኪሞቹ ምን ያድርጉ፤ አስቀድመው ነግረውናል፣ አልዋሹንም። አሁን የሚፈልገውን ደብተር ላይ ይጽፍልናል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉ እሰማ ነበር... ይኸው አባዬም ከዝንብ ዳነ።

ደግሞ እኛ ምን ጎደለን? እኛ ቤት እኮ ሰርቨር አለ! አላየሽውም? ደረጃው ሥር፣ ዕቃ የምናስቀምጥበት ውስጥ፣ አረንጓዴ መብራት እያበራ ቁጭ ያለ ሳጥን። የቤቱ ሰው ሁሉ ፎቶውን፣ ቪዲዮውን ከስልኩ ወደዚያ ይልካል፤ ስልክ ቢሰረቅ፣ ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ ሳጥኑ ይዞ ይጠብቃል። ይህን ያመጣልን የቤታችን ሊቅ ነው። ስም አልጠራም። ሊቅ ስሙ ሲጠራ ያፍራል ይባላል... ማፈር የሚያውቅ ከሆነ ማለቴ ነው። አትሳቂ፣ ስፒሉ ይወጋሻል።

ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? እኔ አሁን አውቄልሻለሁ፤ መከራ ያስተምራል። አራት ትልልቅ ዲስኮች አሉ፣ ቀርፋፋ ናቸው፣ ሆዳቸው ግን ሰፊ ነው። ከፊታቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ ፈጣን ዲስክ አለች፣ ካሽ ይሏታል። የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ እሷ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በቀን አንዴ ወደ ትልልቆቹ ይዛወርና እሷ ባዶ ሆና ለነገ ትጠብቃለች። ይኸውልሽ፣ ይቺን ጠረጴዛዬን እያት። የቆረጥኩትን ጨርቅ እሷ ላይ አደርጋለሁ፣ ሥራ ሳቆም ወደ መደርደሪያው አነሳዋለሁ። ወሩን ሙሉ ባላነሳው የአንቺን ቀሚስ የት ላሳርፈው ነው? ይህ እንግዲህ ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጥኩት ለእኔ እንኳ ግልጽ ነው። ሊቅ ሲሆኑ ግን ሌላ የሚታይ ነገር ይኖራል መቼም።

ምን ታየ መሰለሽ? ትልልቆቹ ዲስኮች ዕቃ ሲቀበሉ ትንሽ ያጉረመርማሉ። ሊቃችን ደግሞ ስብሰባ አለው፣ በኮምፒውተር፣ ፊት ለፊት፣ ከወገብ በላይ ሸሚዝ ለብሶ። ታዲያ ትልቅ ሰው እየተናገረ ዲስክ ያጉረምርም? ነውር አይደለም እንዴ? ስለዚህ ማዛወሩን አጠፋው። «ለጊዜው ነው» ብሎ። ያቺ ለጊዜው ይኸው አምስት ወር ሆናት፤ ልጅ ብትሆን ተደግፋ ትቀመጥ ነበር።

ዙሪልኝ... ወደ መስኮቱ። ጀርባው ጥሩ ነው። እና ፊልም ይወዳል ደግሞ። አያየውም፣ ይወደዋል እንጂ። አንዱን ፊልም በሦስት ዓይነት ጥራት ያወርደዋል፤ ድንገት አንድ ቀን ማየት ቢያምረው ሳይቆይ ከች እንዲልለት ሁሉም ትንሿ ዲስክ ላይ ንቅንቅ እንዳይል አዘዘ። ማሽኗስ ምን ታድርግ? እሷ እንኳ አቅሟን ታውቃለች። ሰባ በመቶ ሞላሁ ብላ ስልኩ ላይ ጮኸች። ሰማንያ ብላ ጮኸች። ዘጠና ብላ ጮኸች። እሱ ሰላም የሚወድ ሰው ነው፤ ድምፅዋን ዘጋው። ድምፅ በመዝጋትማ የሚወዳደረው የለም።

ያን ሳምንት ታስታውሻለሽ? ቀሚስ ይዘሽ መጥተሽ ማሽኔን አላስነሳም ብዬሽ የተቀየምሽኝ? አራት ቀን ሙሉ ክር እንኳ አላስገባሁም። አባዬን እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጬ ድምፁን በስልኬ እየቀዳሁ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የአውቶቡስ መነሻ ሲያስታውቅ የኖረ ሰው እኮ ነው! ይህ ሰፈር በእሱ ድምፅ ነው የተሳፈረው። ለእያንዳንዱ የልጅ ልጅ በስሙ እየጠራ የሚለውን አለ። እማዬን እንዴት እንዳገኛት አወራ፤ ትኬት ጠፍቶባት ስታለቅስ በማጉያው አስፈልጎላት ነው፣ ይህን እንኳ እኔ አላውቅም ነበር። በመጨረሻው ቀን ደከመውና «በቃ የመጨረሻው መኪና ሊነሳ ነው፣ ያልተሳፈራችሁ ተሳፈሩ» ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ነው የምልሽ።

አሥራ አንድ ቀረጻ ሆነ። ሁሉንም ወደ ሳጥኑ ላክሁ። ስልኬ ደግሞ «ተልኳል» ካለ በኋላ ቦታ እንዳይይዝ የራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ተስተካክሎልኛል፤ ማን እንዳስተካከለልኝ አትጠይቂኝ። ስልኬም ላይ ይቆይልኝ ብዬ ነበር እኮ። «እትዬ፣ አንቺ ስፌትሽን ያዢ፣ ይህን ለእኔ ተዪው» ተባልኩ። ተውኩለት። ከዚያ ሰርቨሩን ብንከፍተው፣ አሥራ አንዱም በስም በስማቸው ተደርድረዋል። ሲነኩ ግን ውስጣቸው ባዶ። ዜሮ። ትንሿ ዲስክ ጢም ብላ ሞልታ ስማቸውን ብቻ ተቀብላ ነው። ከደጅ ቆመው ስማቸውን አስመዝግበው እንደተመለሱ እንግዶች ማለት ነው፤ ውስጥማ ፊልሞቹ ተንጋለዋል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፉን አጠበች ይላሉ። እሷስ መጽሐፍ ነው ያጠበችው፣ ሌላ ገዝታ ትተካለች...

አልሰማሽም? ወንበር ሲጢጥ ያለ መሰለኝ። አይ፣ ነፋስ ይሆናል። ሊቃችን እንደሆነ ሥራ ላይ ነው።

እና ጥፋቱ የማን ሆነ መሰለሽ? መጀመሪያ ኬብሉ ነው ተባለ። ከዚያ የእኔ ስልክ አርጅቶ ነው ተባለ። ከዚያ መብራት ተቆራርጦ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኛ ቤት ግን ዳውላው ሁሉ ተደብድቦ አለቀ፣ አህያው ብቻ ደህና ነው። ዝም ብዬ ሄጄ ጥግ ላይ ያለችውን የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራኋት፤ ያቺን መነጽር የምታደርገውን ሴትዮ። ውኃ ጥጄላት ሳይፈላ ጨረሰች። ማዛወሩን በየቀኑ ከምሳ በኋላ እንዲሆን መለሰችው። ፊልም የሚባል ነገር ትንሿን ሳይነካ ቀጥታ ወደ ትልልቆቹ እንዲሄድ አደረገች። ትንሿ ላይ ደግሞ ከአምስት አንድ እጁ ሁልጊዜ ባዶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ካለፈ የሚመጣው ሁሉ በራሱ ወደ ትልልቆቹ ያልፋል። ማስጠንቀቂያውም አሁን ለሁለት ሰው ይመጣል፣ አንደኛዋ እኔ ነኝ። ትላንት ስልኬን አየሁት፣ «አሥራ ሁለት በመቶ» ይላል። ከእንግዲህ እኛ ቤት ምንም ነገር አይጠፋም። ለነገሩ ምን የሚጠፋ ነገር ቀረና?

የጠፋውስ አይወጣም ወይ አልኳት። «እትዬ፣ የጠፋማ ቢሆን እፈልገው ነበር፤ ይህ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም» አለችኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። የድሮ ሰዎች እኮ ቢያንስ ያለቅሱ ነበር። የእኛው ሊቅ ዓይኑ ደረቅ ነው፣ ይመስገነው፣ ፊልም ለማየት ይመቸዋል።

ትከሻሽን አታጉብጪ... ቀና በይ። አሁን የታችኛውን ጠርዝ በስፒል ልያዝልሽ፣ ወንበሩ ላይ ውጪ። ኧረ አትወድቂም፣ ይዤሻለሁ።

አባዬን ምን አልነው ትዪኛለሽ? እኔ ምንም አላልኩትም። የሚናገርለት ልጅ አለው። «አባዬ፣ ድምፅህን እያጣራሁልህ ነው፣ ጫጫታውን እያወጣሁ ነው» ብሎታል። ሰባት ሳምንት እየተጣራ ነው። ድንቄም ማጣራት! ጠርቶ ጠርቶ እኮ ምንም አልቀረውም። አባዬ ታዲያ ያምናል። በየማለዳው ደብተሩ ላይ «ደረሰ?» ብሎ ይጽፍና ያሳየዋል። እሱም «ትንሽ ቀረው» ይለዋል። አባዬ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ደስ ብሎት።

ለፊታችን እሁድ ደግሞ የልጅ ልጆቹ በሙሉ እንዲመጡ አዟል። የጻፈውን ላሳይሽ? ይኸው፣ ቀድጄ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። «እሁድ ከምሳ በኋላ ድምፄን አብረን እንሰማለን። ወንበሮቹ ይደርደሩ።» ከሥሩ ያለውን አንብቢው፣ ጮክ ብለሽ... ተዪው እኔው አነባለሁ፣ በደንብ እንዲሰማሽ። «ልጄ ብዙ ደክሞልኛል፣ አመስግኑልኝ።»

አመስግኑልኝ ነው የሚለው። እኔ ታዲያ ወንበር መደርደር አያቅተኝም፤ ሃያ ወንበር እደረድራለሁ። ከዚያስ? ልጆቹ ጆሯቸውን ቀስረው፣ አባዬ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ምን ይከፈትላቸው? ከሦስቱ ጥራት ምርጡ ፊልም?

አንቺ ንገሪው ትይኛለሽ? እኔማ ምን አገባኝ! ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስፌቴን ይዣለሁ። የታዘዝኩት ይህንኑ አይደል?

እውነቱን ልንገርሽ ግን... አንጀቴ አርሯል። መሳሳቱ አይደለም። ዲስክ ይሞላል፣ ሰው ይሳሳታል፣ እኔ ራሴ ስንት የሰው ጨርቅ አበላሽቻለሁ፤ ሄጄ ባለቤቱ ፊት ቆሜ አበላሸሁ እላለሁ እንጂ ገና እየሰፋሁት ነው አልልም። እማዬ ስትሞት አምስት ዓመቱ ነበር፤ በዚህ ጀርባዬ አዝዬ ነው... ማለቴ፣ አንድ የማውቀውን ሰው ማለቴ ነው። ያኔ ሲያጠፋ ሮጦ አባዬ ጉያ ነበር የሚገባው። ብርጭቆ ሰብሮ ስባሪውን ይዞለት ይሄድ ነበር። አሁን አድጓላ! አሁን ሊቅ ነው። ከዚህ እስከ ጓሮ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለሊቅ ሩቅ ነው መሰለኝ። ሊቅ ደግሞ በእግሩ አይሄድም፣ እንደ ዲስኩ ዕቃ ካላዛወሩት።

በቃ፣ ውረጂ። ቀስ... እጄን ያዢ። ኧረ አምሮብሻል! ዙሪና እዪው። ዓርብ ተተኩሶ ይደርስልሻል፤ እኔ ይደርሳል ካልኩ ይደርሳል።

እስቲ ዝም በይ... ሰማሽ? ተነሳ። ወንበሩ ነው፣ ነፋስ አይደለም። እርምጃው ይሰማሻል? ወደ ጓሮ ይሆን? ወደ ጓሮ ከሆነ ምላሴን እቆርጣለሁ፣ ዛሬውኑ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ አብሬው ሄጄ አባዬ እግር ሥር እቀመጣለሁ...

አይ። የመንገዱ በር ነው። ጫማውን እያደረገ ነው።

ይሂድ፣ ይሂድ፣ አየር ይቀበል፣ ሲደክም ነው የሚውለው! ምን ታይኛለሽ? ተቀይሜው ነው እንዴ? እኔ እሱን ልቀየም? ምርቃት ነው ያለኝ፣ ገና በሩን ሳይዘጋው ጮክ ብዬ ልመርቀው፣ አንቺም አሜን በይ። ዕድሜውን ያርዝምለት። ሽበት ያልብሰው። ጎጆውን ያሙቅለት። ልጅ ይስጠው፣ ወንድ ልጅ፣ ብልህ፣ የተማረ፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ። ሲያረጅም ያ ልጅ አጠገቡ ይሁን፤ እሱ ለአባቱ ያደረገለትን አንድ ሳያጎድል ያድርግለት። አሜን በይ እንጂ!