የሐጂ ሰይድ ቁርኣን ዕድሜ

ሳውዲ ዓረቢያ፣ አል ኹበር ከተማ፣ የጥንት የእጅ ጽሑፎች ወረቀት የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ቀን እዚያው ከተማ ራካ ሰፈር የሚኖሩ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው፣ በእጅ የተጻፈ ቁርኣን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ።

«ልጄ፣ ከቅድመ አያቴ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ኹሩጄ፣ የመውጫ ቪዛዬ፣ ወጥቶ አገሬ ልገባ ነውና፣ ዕድሜውን አውቄ ለልጆቼ ላስረክብ» አሉኝ።

ክፍሉን አጨልሜ የአልትራቫዮሌት መብራት ሳበራበት ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። የጥንት ወረቀት እንዲህ አያበራም፤ የሚያበራው ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል የገባበት የዘመናችን የፋብሪካ ወረቀት ነው። ሌሎች ገጾችንም ሞከርኩ፤ ሁሉም ያው ነው።

«ሐጂ፣ አይቀየሙኝ። የቆዳ ሽፋኑ ያረጀ ነው፤ ወረቀቱ ግን ከእርስዎ ዕድሜ አይበልጥም። አንድ ሰው በአዲስ ወረቀት ገልብጦት ይሆናል» አልኳቸው።

ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቼ ወንበር አቀረብኩላቸው። ቁጭ ብለው «ጽሑፉስ በትክክል ተገልብጧል?» አሉ።

«እሱን እኔ አላውቅም፤ የማየው ወረቀቱን ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! ወረቀቱ ካላረጀ እኔው አነበዋለሁ። እኛ'ኮ አርጅቷል፣ ይቀደዳል እያልን ሣጥን ውስጥ ቆልፈንበት፣ ከቤታችን አንድ ሰው አንብቦት አያውቅም» አሉ።

ከዚያ ከወንበሩ ሳይነሡ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ማንበብ ጀመሩ።